ሰዓት እናዋጣ፦ የአልዛይመር አስታማሚን በሰፈር ደረጃ እንዴት እንደግፍ?

እናቴ አንድ ቀን ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ነጠላዋን ደርባ ከቤት ወጣች። እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ከዚያ በፊት ሦስት ሌሊት በደንብ ስላልተኛሁ የበሩን ድምፅ እንኳ አልሰማሁም። መልሶ ያመጣት አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። በጊዮርጊስ በኩል ወደ ጣና ስትወርድ አያትና ቆመ። የሰፈር ልጅ ስለሆነ ያውቃታል። «እማማ፣ ቅዳሴው ገና ነው፤ ቤት ላድርስዎት» ብሎ አሳፈራት። ሒሳብ ስሰጠው አልቀበልም አለ። «ለምን አልነገራችሁንም?» ብቻ ነው ያለኝ።

ልክ ነበር። አልዛይመር የሚባል የመርሳት በሽታ እንዳለባት ለሁለት ዓመት ያህል ለማንም አልተናገርንም። ሰው «ጃጀች» እንዳይላት ብለን ደበቅናት። እሷን ስንደብቅ እኛም አብረን ተደበቅን።

ባህር ዳር ላይ ሰው ሲሞት ማንም አስተምሮን ሳይሆን ሥራችንን እናውቃለን። ድንኳኑ ይተከላል። ወንበሩ ይመጣል። እንጀራው ከየቤቱ ይሰበሰባል። ሐዘንተኛውን ብቻውን የሚተው የለም። ችግሩ ለቅሶ ሦስት ቀን ነው፤ አልዛይመር ግን ዓመታት ነው። ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ብዙዎች ከ4 እስከ 8 ዓመት ይኖራሉ፤ 20 ዓመት የሚቆዩም አሉ። ስለዚህ ያንኑ የለቅሶ ትጋት በትንሽ በትንሹ ቆርሰን ለዓመታት ማከፋፈል አለብን። ይህ መመሪያ ስለዚያ ነው።

አስታማሚ ከሁሉ በፊት የሚጎድለው ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2019 ባወጣው ግምት፣ የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው ያለ ክፍያ የሚንከባከብ ሰው በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ለዚሁ ያውላል። ከዚህ ሥራ 70 በመቶ ያህሉ በሴቶች ትከሻ ላይ ነው። በእኛ ቤቶች ደግሞ ያቺ ሴት ብዙ ጊዜ ልጅ ናት፣ ምራት ናት፣ ወይም የቤት ሠራተኛ ናት።

1. መጀመሪያ ሕመሙን በስሙ ጥሩት

ጎረቤት የማያውቀውን ነገር አይረዳም። በመጀመሪያ ራሳችሁ እርግጠኛ ሁኑ። ሐኪም ሳያይ «አልዛይመር ነው» አትበሉ። በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ጊዮን ሆስፒታል አሳዩ። ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር ማጻፍም ይቻላል። መርሳትን የሚያመጡ፣ ግን ሊታከሙ የሚችሉ ነገሮች አሉ፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ ድባቴ፣ የጆሮ መድከም። እነዚህ ካሉ መታየት አለባቸው።

አንድ ነገር አስምሩበት። አልዛይመር ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ በድንገት ከቀባጠረ፣ ወይም ታማሚው በአንድ ቀን ውስጥ ከወትሮው በጣም ከተለወጠ፣ ያ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ወባ አለ። የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽንም ሽማግሌን እንዲህ ያደርጋል። ያኔ ተራ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ነው።

ከዚያ ለሰው የምትነግሩትን አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ። እኔ እንዲህ እል ነበር፦ «የእማዬ አንጎል ታሟል፤ አልዛይመር ይባላል። እርጅና ብቻ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም፣ ወደ ሰውም አይተላለፍም።» ስሙ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1906 የገለጸው የጀርመናዊ ሐኪም ስም መሆኑን ስነግራቸው ይቀልላቸዋል። የሰው ስም እንጂ የእርግማን ስም አይደለም።

ጸበል የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። አትከራከሩ። የሚሄድ ይሂድ፤ ግን መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ ታማሚውም ለብቻው እንዳይተው ንገሩ። የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ ብታስረዱ እሳቸው ራሳቸው ለሌላው ያስረዳሉ። በሙስሊም ቤተሰብም ኢማሙ እንዲሁ።

2. አንድ ሳምንት ደብተር ያዙ

አንድ ተራ ደብተር ይበቃል። ለሰባት ቀን፣ የቀኑን ውሎ በሰዓት ጻፉ። መቼ ተነሳች? መቼ በላች? መቼ ተቆጣች? መቼ ልውጣ አለች? እናንተስ መቼ ተኛችሁ?

ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ሰው «ምን ልርዳሽ?» ሲላችሁ፣ ይሉኝታ ይዟችሁ «ኧረ ምንም፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትላላችሁ። ደብተሩ ግን ይሉኝታ የለውም። የእኛ ደብተር ያሳየኝ ሁለት ነገር ነው። እናቴ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ «ቤቴ ውሰዱኝ» ትላለች፤ ብዙ ታማሚ ላይ ይህ ሰዓት ይከፋል። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምፈልገው ረቡዕ ከሰዓት ሁለት ሰዓት መተኛት ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄዬ አጭር ሆነ።

3. አምስት ሰው ምረጡ፤ ሃምሳ አይደለም

ሰፈሩን ሁሉ አትጥሩ። የብዙ ሰው ኃላፊነት የማንም አይሆንም። በአምስት ሰው ጀምሩ። ስትመርጡ ሀብትን ወይም ዕውቀትን አትዩ። ትዕግሥት ያለው፣ ወሬ የማያበዛ፣ ቤቱ ቅርብ የሆነ ሰው ይበልጣል።

እኔ የመረጥኳቸው እነዚህ ናቸው፦ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤት፣ የእናቴ የድሮ የማኅበር ጓደኛ፣ ባለሱቁ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ እና ያ የባጃጅ ሹፌር። አምስቱም ሥራቸው የተለያየ ነበር። ጎረቤቷ ለሌሊት ድንገተኛ ነገር። ጓደኛዋ ለጨዋታ። ባለሱቁ ከደጅ ሆኖ መንገዱን ያያል። አስተማሪው ደብተሩንና የተራውን ዝርዝር ይይዛሉ። ሹፌሩ ለሆስፒታል ቀጠሮ።

የሩቅ ወንድምና እህትንም አትርሱ። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያሉት ብዙ ጊዜ ምክር ይልካሉ። ምክሩ በቁርጥ ሥራ ይተካ። አንዱ የዳይፐር ወጪን በየወሩ ይቻል። ሌላዋ እሑድ እሑድ አራት ሰዓት ላይ ደውላ እናቷን ታጫውት፤ አስታማሚዋ በዚያ ሰዓት ሰውነቷን ትታጠብ። ሰዓቱ ሳይሸራረፍ።

4. ቡና አፍሉና ጥሩ

ስብሰባ አትበሉት። ቡና ነው። ሦስቱ ስኒ ሲፈስ ሁሉም ነገር ይነገራል፤ በአቦል ሕመሙን፣ በቶና ደብተሩን፣ በበረካ ጥያቄውን። ታማሚዋ እዚያው ካለች እንደሌለች አድርጋችሁ አታውሩባት። ቃሉን ባትይዝ እንኳ ድምፅና ፊት ይገባታል። የሚከብደውን ነገር ለብቻ ተናገሩ።

ጥያቄው የተቆረጠ ይሁን። «አግዙን» ማለት አይበቃም። እንዲህ በሉ፦ «እትዬ፣ ረቡዕ ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ከእማዬ ጋር ይቀመጡልኝ። ለአንድ ወር ብቻ። ከዚያ ካልተመቸዎት እንቀይራለን።» የጊዜ ገደብ ያለው ልመና ሰውን አያስፈራም። እንቢ ያለውን አትቀየሙ። ሰው ሁሉ ሕመም ፊት መቀመጥ አይችልም፤ እሱ ገበያ ይሂድላችሁ።

5. ተራ አውጡ

በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት። ከዚህ በላይ አትጀምሩ። ትንሽ ሆኖ የማይቋረጥ ተራ፣ ትልቅ ሆኖ በሁለት ሳምንት ከሚፈርስ ይሻላል። ስልክ ያላቸው በቴሌግራም ግሩፕ ይነጋገሩ። ስማርት ስልክ ለሌላቸው ዝርዝሩ በወረቀት ይጻፍና በር ላይ ይለጠፍ። ተረኛው ካልቻለ ተተኪውን የሚፈልገው ዝርዝሩን የያዘው አስተባባሪ እንጂ አስታማሚዋ አይደለችም። ይህ በጣም አስፈላጊ ነው። አስታማሚዋ ሰው ስትለምን የምትውል ከሆነ እረፍቱ እረፍት አይደለም።

ማጠብና ሽንት ቤት መውሰድ ለተረኛ አይሰጥም። ያ የቅርብ ቤተሰብ ወይም የለመደ ሰው፣ ታማሚው የሚፈቅደው ጾታ ሥራ ነው። መድኃኒት መስጠትም እንደዚያው፤ ሁለት ሰው እየሰጠ እንዳይደገም። በሐኪም ያልታዘዘ የእንቅልፍ ክኒን ደግሞ ማንም እንዳይሰጥ። ከፋርማሲ ገዝተው «ትተኛ» ብለው የሚያመጡ ደጎች አሉ። አንዳንዱ መድኃኒት ግራ መጋባቱን ያባብሰዋል፤ ያወድቃልም።

በአስታማሚነት የምትሠራ የቤት ሠራተኛ ካለች እሷም በተራው ውስጥ ትቆጠር። የእረፍት ቀኗ ይከበር። ብዙ ቤት ውስጥ ሌሊቱን የምትነቃው እሷ ናት፤ ስለ ድካም ሲወራ ግን ስሟ አይነሳም።

6. ተረኛውን አስተምሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ መልካም ልብ ብቻውን አይበቃም።

የመጀመሪያው ነገር፣ ታማሚውን አትፈትኑት። እኛ አንድ ልማድ አለን። ጠያቂ ይገባና «እኔን ታውቂኛለሽ? እስቲ ማን ነኝ?» ይላል። ፍቅር ነው፤ ግን ለታመመው ሰው ፈተና ነው፣ ያፍራል። እናቴ ይህን ስትጠየቅ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስብ ነበር። ይልቅ ከፊት ለፊት ቀርባችሁ፣ ስማችሁን ራሳችሁ ተናገሩ፦ «እማማ፣ እኔ የጎረቤትዎ ልጅ ነኝ፤ ልጠይቅዎት መጣሁ።» አለቀ።

ሁለተኛው፣ አትከራከሩ። ከሃያ ዓመት በፊት የሞተ ባሏን «የት ሄደ?» ብትል፣ «ሞቷልኮ» አትበሏት። በየቀኑ አዲስ መርዶ ታረዷታላችሁ። «ናፈቁዎት አይደል? እስቲ ስለሳቸው ያጫውቱኝ» በሉ። «ቤቴ ውሰዱኝ» ካለች፣ «ይሄ ቤትሽ ነው» ከማለት አብራችሁ ግቢውን አንድ ዙር መዞር ይሠራል።

ሦስተኛው፣ አጭር ተናገሩ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር። «ቡና ይጠጣሉ?» በሉና ጠብቁ። መልሱ ሊዘገይ ይችላል።

አራተኛው፣ እጅ ሥራ ይፈልጋል። እናቴ የእኔን ስም ረስታ ቡና መልቀም አልረሳችም። ሰፌድ ላይ አንድ እፍኝ ቡና ስናደርግላት ለአንድ ሰዓት ያህል ትረጋጋ ነበር። ጥጥ የምትፈትል እናት ጥጧን፣ ዓሣ ያጠምድ የነበረ አባት የመረቡን ቁራጭ ስጡት። መዝሙር፣ መንዙማ፣ የልጅነት ዘፈን ብዙ ጊዜ ከሌላው ትዝታ ይልቅ ዘግይቶ ነው የሚጠፋው። ግን የከሰል ምድጃና የፈላ ጀበና ከአጠገባቸው ይራቅ። ቢላና ክብሪትም እንዲሁ።

አምስተኛው፣ ማሰርና መቆለፍ። ሰው ተጨንቆ ያስራል። ተረኛ ሆናችሁ ይህን ካያችሁ አትጩኹ፤ ያቺ አስታማሚ እንቅልፍ አጥታለች ማለት ነው። ተራውን ጨምሩላት፤ ከጤና ባለሙያም አገናኟት። ማሰር ይጎዳል፤ ንዴቱንም ያባብሳል። ሰውን ከውጭ ቆልፎ መሄድ ደግሞ እሳት ቢነሳ ማምለጫ ያሳጣል።

7. የጎዳናውን ክበብ ዘርጉ

ባህር ዳር የጣና ዳር ከተማ ናት። ጠፍቶ የሚሄድ ታማሚ ውሃ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ከመጥፋቱ በፊት ተዘጋጁ።

ከቤታችሁ ተነስታችሁ ታማሚው ሊሄድባቸው የሚችሉትን መንገዶች በእግራችሁ ሂዱባቸው። ብዙ ጊዜ የሚሄዱት ወደ ድሮ ቤታቸው፣ ወደ ሥራቸው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ፣ ወደ ገበያ ነው። በየመንገዱ ቀኑን የሚቆመውን ሰው እዩ፤ የባጃጅ ተራ አስከባሪ፣ ሊስትሮ፣ ጉልት የሚቸረችሩ እናቶች፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ፣ ወደብ ላይ ያሉ ጀልበኞች። ለእነዚህ ሰዎች ፎቶ አሳዩ፣ ስልክ ቁጥር ስጡ። «ብቻቸውን ካያችሁ በእርጋታ አናግሩና ደውሉ፤ አትጎትቱ» በሉ።

በታማሚው ልብስ የውስጥ ጠርዝ ላይ ስልክ ቁጥር ስፉ። እኛ የነጠላው ጥለት ጀርባ ላይ ነው የሰፋነው። በወር አንድ ጊዜ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ አዲስ ፎቶ አንሱ።

ከጠፋ፦ አንድ ሰው ቤት ይቅር፣ ተመልሶ ሊመጣ ይችላልና። አንዱ ወዲያው ወደ ውሃው ዳር ይሂድ። ሌላው ወደ ለመደው ቦታ። አራተኛው ግሩፑ ላይ ፎቶውንና የለበሰውን ይጻፍና ለፖሊስ ይደውል። «ትንሽ እንጠብቅ» የሚባል ነገር የለም።

8. ዕድሩን ጠይቁ

አምስቱ ሰዎች ሁለት ሦስት ወር ከሠሩ በኋላ ወደ ዕድሩ ሂዱ። ቀድማችሁ አትሂዱ። የሚታይ ነገር ይዛችሁ ስትሄዱ ነው የሚሰማችሁ።

ከወርሃዊው ስብሰባ በፊት ዳኛውንና ጸሐፊውን በግል አነጋግሩ። መተዳደሪያ ደንቡን አብራችሁ አንብቡ። አንዳንዱ ዕድር የታመመን ስለ መጠየቅ አንቀጽ አለው፤ ከዚያ መነሳት ይቀላል። ከሌለው፣ ጥያቄያችሁ ትንሽና ቁርጥ ያለች ትሁን። አንድም፣ አባላት በፈቃዳቸው ሰዓት የሚያዋጡበት መዝገብ ይከፈት። ሁለትም፣ ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ለሚውል ታማሚ የዕድሩ ዕቃ፣ ወንበርም ሆነ ፍራሽ፣ በውሰት ይሰጥ። ገንዘብ በመጀመሪያ አታንሱ። ገንዘብ ሲነሳ ክርክር ይነሳል፤ ሰዓት ግን ሁሉም አለው።

«ዕድር ለሞት ነው» የሚል አዛውንት አይጠፋም። እኔ አክብሬ የመለስኩት ይህን ነው፦ «አባቴ፣ ነገ ለቀብሯ የምንመጣው ሁላችን ነን። ዛሬ አንድ ከሰዓት እንምጣላት።» ዝም አሉ፤ በሚቀጥለው ወር ልጃቸውን ላኩልኝ።

ገንዘብ መዋጮ የግድ ከሆነ፣ ያዡ ሁለት ሰው ይሁን። ደረሰኝ ይቀመጥ። በየወሩ ይነበብ።

9. አስታማሚዎቹን አገናኙ

ጎረቤት ሰዓት ይሰጣል። «እኔም አናድዶኝ ጮኽኩበት፣ ከዚያ አለቀስኩ» የምትለዋን ሰው ግን የምታገኙት ሌላ አስታማሚ ዘንድ ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሦስት አራት ቤት አይጠፋም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ብዙውን ጊዜ የትኛው ቤት አልጋ የያዘ ሰው እንዳለ ታውቃለች። በእሷ በኩል መልእክት ላኩ፤ ስም አትጠይቋት፣ የእናንተን ስልክ ትስጥላችሁ።

በወር አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ቦታው የቀበሌ አዳራሽ፣ የሰንበቴ ቤት፣ ወይም የአንዷ ግቢ ይሁን። ብዙ እንዲህ ያለ ስብስብ የሚከሽፈው በአንድ ምክንያት ነው፦ አስታማሚዋ ስትመጣ ታማሚውን ማን ይይዛል? መልሱ ሳይገኝ ቀጠሮ አትያዙ። በዚያ ሰዓት የዕድሩ ተረኞች በየቤቱ ይቀመጡ።

ደንቡ ሁለት ነው። እዚህ የተነገረ ከዚህ አይወጣም። ሰው ሲያለቅስ ምክር አይጣደፍም። በሦስት ወር አንዴ ነርስ ወይም ሐኪም ጋብዙ፤ ስለ መዋጥ ችግር፣ ስለ አልጋ ቁስል፣ ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይጠየቅ።

ከአስታማሚዎቹ አንዷ መብላት ካቆመች፣ ሌሊቱን ሙሉ የምታለቅስ ከሆነ፣ ወይም «ሁለታችንም ብንሞት ይሻላል» ካለች፣ ይህ የድካም ወሬ ብቻ አይደለም። በዚያው ቀን ሰው አብሯት ይደር፤ በነጋታው ወደ ሐኪም ትሂድ።

ከዘጌ ወይም ከደሴቶቹ በጀልባ ለሕክምና የሚመጡ ቤተሰቦችም አሉ። ለእነሱ የባህር ዳሩ ቡድን አንድ ነገር ሊያደርግ ይችላል፤ ከወደቡ የሚቀበል ሰውና የሚያርፉበት ቤት። ግራ የገባውን ሰው በሆስፒታል ኮሪደር ቀኑን ሙሉ ማቆየት ለማንም አይበጅም።

10. እንዳይበተን

ተራው የሚላላበትን ወቅት አስቀድማችሁ እወቁ። ክረምት ጭቃና ዝናብ ሰው ያስቀራል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበዛል፤ ተረኛውም ይታመማል። የፋሲካ ሰሞን ሁሉም በየቤቱ ይወጠራል። ለእነዚህ ወራት ተተኪ ቀድማችሁ ያዙ። በየሦስት ወሩ ለተረኞቹ ቡና አፍልታችሁ «የከበደው ማነው? መቀየር የሚፈልግስ?» በሉ። ሰው ሳይናገር ከሚጠፋ ተናግሮ ቢያርፍ ይሻላል፤ ያረፈ ይመለሳል።

ሕመሙ ሲገፋ ፍላጎቱም ይለወጣል። መጀመሪያ መንገድ መጠበቅ ነበር፤ በኋላ ማጉረስና ማገላበጥ ይሆናል። ደብተሩን በየስድስት ወሩ እንደገና ጻፉት።

እናቴ ካረፈች አሁን ዓመት አልፏታል። ድንኳኑን የተከሉት እነዚያው ተረኞች ናቸው። ከአርባዋ በኋላ ባለው ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎረቤታችን እንደ ልማዳቸው በር አንኳኩ። ሰፌዱን ይዘው ነበር። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁና አራት ቤት አልፈን ገባን። እዚያ ቤት አንድ አባት ታመዋል፤ ልጃቸው ከእሑድ ጀምሮ አልተኛችም ነበር።